የባሕር ማዶ ጨጎጎት

እማማ ያንን ድርቆሽ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ጠምደው ይዘውት ነበር። ከውስጡ እባብ ይወጣል ብለው አይደለም፤ ማን አስቦት! ያስመረራቸው ጨጎጎቱ ነው። ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ዙሪያውን ቆልማማ እሾህ ያበቀለ ፍሬ በድርቆሹ ውስጥ እንደ ጨው ተበትኗል። ልብስ ከነካ አይለቅም፤ ካልሲ ውስጥ ከገባ እግር ሳያደማ አይወጣም።

"የሰይጣን አዝራር!" እያሉ፣ ወደ ማምሻው በርጩማቸውን በር ላይ ያወጡና መነጽራቸውን ሰክተው ይለቅማሉ። መጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ሹራብ፣ ቀጥሎ የአማቻቸውን ሱሪ፣ መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ቀሚስ። የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ዓይናቸው ይደክማል፣ ወገባቸውም እሺ አይልም። "የኔ ይቆየኝ" ብለው ቀሚሱን ቀይረው፣ ጓሮ ሰቅለው ይተውታል።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ልጃቸው ከሥራ ሳትገባ ነው። "ቀኑን ሙሉ ስትለፋ የዋለች ልጅ ደግሞ ቤቷ ገብታ በእሾህ ትወጋ?" ይላሉ። ስለዚህም ልጃቸው ያን ፍሬ አንድም ቀን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ይህቺ ደግነታቸው ኋላ ምን እንዳስከፈለቻቸው እንድትረዱልኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

አማቻቸው አናጢ ነው። ቤታቸው ከፊት የእንጨት ሥራው፣ ከኋላ መኝታው፣ ከዚያም ጠባብ ጓሮና የዶሮ ቤት ነው። ሰጋቱራው በየበሩ ሥር እየሾለከ አልጋ ድረስ ይገባል። አናጢው ከወር በፊት አንድ ፋብሪካ ማሽን ያስመጣባቸውን ትልልቅ የጣውላ ሳጥኖች ገዝቶ አመጣ፤ ጣውላው ጥሩ ነበር። በሳጥኖቹ ውስጥ ማሽኑ እንዳይጋጭ የተጠቀጠቀ ድርቆሽ ነበረ። እሱ ሊጥለው ሲል እማማ ከለከሉት። የተሰጠ ነገር የማይመለስበት፣ የተገኘ ነገር የማይጣልበት ጊዜ ያሳደጋቸው ሴት ናቸው፤ ድርቆሹን አቅፈው ወስደው ዶሮዎቹ የሚጥሉበት ቦታ ላይ አነጠፉት። ጨጎጎቱን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ተናደዱ፣ ግን ዶሮዎቹ ወደውት ስለነበር ቻሉት።

ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጃቸው እንቁላል ልትለቅም ገባች። የፊት ጥርሶቿ በቅርቡ ስለወለቁ ቤቱ ሁሉ "ፍንጭት" ይላታል። ትንሽ ቆይታ እጇን ጨብጣ እየሮጠች ወጣች።

"እማማ! ዶሮዋ ነከሰችኝ!"

እማማ ሳቃቸው መጣ። "ዶሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትነክሰው? ጥርስ አበደርሻት እንዴ? አንቺው ራስሽ የለሽ!"

"እውነቴን ነው! ነጯ ናት! እዪው!"

አዩት። አውራ ጣቷ ሥር ሁለት ነጥቦች፣ ከሁለቱም ቀጭን ደም። ዶሮ አንድ አፍ ነው ያላት። እማማ ቆሌያቸው ተገፈፈ፤ ሳቁ አፋቸው ውስጥ ደርቆ ቀረ።

አካፋ ይዘው ዶሮ ቤት ሲገቡ ድርቆሹ ላይ ተጠቅልሎ አገኙት። አጭር ነው፤ ወፍራም ነው፤ ቀለሙ ከድርቆሹ አይለይም፤ ቅርፊቱን ከቅርፊቱ እያፋጨ ዘይት ላይ እንደተጣለ ነገር ይንጫጫል። እማማ በሕይወታቸው ዶሮ እንኳ አርደው አያውቁም። ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣላቸው እንጃ፣ ጭንቅላቱ ከመሬት እስኪመሳሰል ድረስ በአካፋው አደቀቁት። አማቻቸው ፍንጭትን በዕቃ መጫኛ መኪናው አፈፍ አድርጎ ወደ ሆስፒታል ሲበር፣ እማማ "እከተላችኋለሁ" ብለው ወደ ኋላ ቀሩ። ለምን? ጓደኛ ቢኖረውስ? ጫጩት ቢኖረውስ? ድርቆሹን በሙሉ፣ ከነእባቡ፣ ከነእንቁላሉ ጓሮ መሃል ከመሩና ነጭ ጋዝ አርከፍክፈው ለኮሱት። አመድ እስኪሆን ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ዶሮ ቤቱን በበረኪና አጠቡት። ልባቸው በመጠኑ ተንፍሶ ሆስፒታል ደረሱ። ቤታቸውን ያዳኑ መስሏቸው ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከልጃቸው ጋር ተገናኙ። ከሥራ ጠርተዋት በሥራ ልብሷ መጥታለች፤ ጣቶቿ ላይ ሙጫው እንኳ አልደረቀም። የሷ ሥራ ለሰው ሲነግሩት ያስቃል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከየአገሩ የተሰበሰበ ደረቅ ቅጠልና ሣር የሚቀመጥበት ክፍል አለ፤ እሷ ያንን ደረቅ ሣር ወረቀት ላይ ትለጥፋለች። "አስተምሬ አስተምሬ ሣር ለጣፊ ሆነችልኝ" ይሉ ነበር እማማ ለጎረቤት። ደስታቸውን የሚደብቁት በማላገጥ ነው።

ወጣቱ ሐኪም ለፍንጭት መርዝ ማርከሻውን ወዲያው ሰጣት። "እናት፣ አይስጉ" አላቸው። "በዚህ አገር እፉኝት አንድ ዓይነት ነው ያለው፤ መድኃኒቱም እጃችን ላይ ነው።" ከኋላው ግድግዳው ላይ ካርታ ተለጥፏል፤ እፉኝቱ የሚኖርበት አካባቢ በቡናማ ቀለም ተሞልቷል። እማማ ካርታውን አይተው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ነገር በቀለም ተለይቶ ሲቀመጥ ደስ ይላል።

ሐኪሙ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ከፍንጭት ክንድ ጥቂት ደም በጠባብ ብልቃጥ ይቀዳና ጠረጴዛው ላይ ያቆመዋል። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ብልቃጡን ያዘነብለዋል። ደሙ ከረጋ መርዙ ተሸንፏል፤ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ግን መርዙ ገና የልጅቱን ደም እየበላ ነው ማለት ነው።

ፈሰሰ። ሌላ ማርከሻ ሰጣት፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ቀዳ። ፈሰሰ።

እሑድ ጠዋት ላይ የፍንጭት ክንድ እስከ ትከሻዋ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጭ ነበር። መርፌ የተወጋችበት ቦታ ሁሉ ደም ቋጥሯል። ጥርሷ ከወለቀበት ድድ ቀስ እያለ፣ ሳያቋርጥ ይደማል፤ ትራሷ ላይ ፎጣ አነጠፉላት።

"እማማ" አለች በደከመ ድምፅ፤ "ጥርሴ እየወጣ ነው?"

"አዎ የኔ ፍንጭት! አዲሱ እየወጣ ነው። ሲወጣ እንዲህ ነው።"

"ብዙ ነው እንዴ የሚወጣው?"

"እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ!" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐኪሙ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ኮሪደር ላይ አስወጣቸውና ቀጥ ብሎ ጠየቃቸው።

"እናት፣ እባቡን አይተውታል አይደል?"

"ማየት ብቻ? ጭንቅላቱን በአካፋ ያደቀቅኩት እኔ!"

"እሰይ! የት አለ?"

"አቃጠልኩት።"

"አቃጠሉት?"

"ከነድርቆሹ። ነጭ ጋዝ አርከፍክፌ።" ድምፃቸው ውስጥ ገና ኩራት ነበረች፤ የሱን ፊት ሲያዩ ግን ተነነች። "ምነው? ምን አጠፋሁ?"

ሐኪሙ ግድግዳውን ተደገፈ። "መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም እናት። መሥራት ነበረበት። እባቡ የዚህ አገር ካልሆነ ግን አይሠራም። አንድ ቅርፊት፣ አንድ ጥርስ ባገኝ ለሚያውቅ ሰው አሳይቼ... አሁን ምኑን አሳያለሁ?"

እማማ አመዱን አሰቡት። ነፋስ ወዴት ወስዶት ይሆን? አፋቸውን በመሐረብ ያዙ።

አናጢው ጣልቃ ገባ። ከትናንት ጀምሮ ሰጋቱራው ከፀጉሩ አልተራገፈም። "ዶክተር፣ ድርቆሹ የመጣው በማሽን ሳጥን ነው። ከውጭ።"

"ከየት?"

"ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ከቀዝቃዛው አገር ነው፤ ዓመቱን ግማሽ በረዶ የሚጥልበት።"

ሐኪሙ ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። "እዚያ ይሄ ዓይነት እፉኝት አይኖርም። ውርጩ አያስኖረውም። እንግዲያው የኛው መሆን አለበት፤ ከጫካ ገብቶ ተደብቆ ነው። መድኃኒቱን እንጨምራለን እንጂ..." ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ተወው። እሱም አላመነበትም።

እማማ አልጋው አጠገብ ተመልሰው ተቀመጡ። ሲጨነቁ እጃቸው ሥራ ይፈልጋል። ከአልጋው ሥር በፌስታል የተቀመጠውን የፍንጭትን ሹራብ አወጡ፤ ነርሷ እጅጌውን በመቀስ ቆርጣው ነበር። እንደ ልማዳቸው መልቀም ጀመሩ። አንድ ጨጎጎት ነቀሉና ራስጌ ባለው ብረት ሳህን ላይ ጣሉት። ቀጠሉ።

ልጃቸው ከአልጋው ማዶ የፍንጭትን ጤነኛ እጅ እንደያዘች ድምፁን ሰማች። "ምንድን ነው እሱ?"

"ምን ይሆናል! ይሄ የድርቆሹ ጨጎጎት ነዋ። ወር ሙሉ ስለቅመው የኖርኩት።"

"እስቲ አምጪው።"

"እጅሽን ይወጋሻል ልጄ..."

"እማዬ አምጪው!"

መዳፏ ላይ አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ፊቷ ተለወጠ። "ይሄን ለጥፌው አላውቅም" አለች። "የአገራችን ጨጎጎት እሾሁ እንዲህ አይደለም። ወር ሙሉ ቤታችን ውስጥ ነበር? ለምን አላሳየሽኝም?"

"እንዳይወጋሽ ብዬ ነው!" እማማ ማልቀስ ጀመሩ። "እንዳይወጋሽ ብዬ!"

"አታልቅሺ። ጊዜ የለንም። እኔ እጇን ከለቀቅኩ ትጮሃለች፤ ከጮኸች ደግሞ ይብሳል። አንቺ ሂጂ። አለቃዬ እሑድ እሑድ ሥራ ትገባለች፤ ለአለቃዬ ስጫት። ከየት እንደሆነ ትነግርሻለች።"

"የፍሬ አገር ምን ይረባናል ልጄ?"

"እባቡን አቃጥለሽዋል፤ ድርቆሹን አቃጥለሽዋል። የቀረን ይሄ ብቻ ነው። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ሜዳ ነው።"

እማማ ጨጎጎቱን በመድኃኒት ብልቃጥ ከተው፣ በጡታቸው መሃል ሸጉጠው ወጡ።

አናጢው መኪናውን አስነሳ። "እማማ፣ ያን ድርቆሽ ያን ጊዜ ልጣለው ብዬ ነበር" አለ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠ፤ "አይ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም። ሳጥኑን የገዛሁት እኔ ነኝ።"

"ንዳ ልጄ" አሉት። "ጥፋቱን ኋላ እንካፈለዋለን። አሁን ንዳ።"

የዩኒቨርሲቲው የደረቅ ሣር ክፍል ከታች ወለል ላይ ነው። የብረት ቁም ሳጥን፣ ደግሞ የብረት ቁም ሳጥን፣ በመሃሉ ሰው በጎን የሚያልፍበት መተላለፊያ፤ የብል መድኃኒቱ ሽታ አፍንጫ ይቆርጣል። አለቃዋ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የሰካች፣ በዕድሜ ከልጃቸው እምብዛም የማትበልጥ ሴት ናት። እማማ ነገሩን ከመሃል ጀምረው፣ ወደ ኋላ ሄደው፣ እንደገና ከመሃል ነገሯት። እሷ ግን ከተነገራት ውስጥ የሚያስፈልጋትን ይዛ ብልቃጡን ተቀበለች።

ጨጎጎቱን ማጉያ መነጽር ሥር አደረገች። በመቆንጠጫ ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው።

"ቶሎ በይ እንጂ ልጄ!" አሉ እማማ። "ልጅቷ እየደማች ነው!"

"ከተሳሳትኩ ነው የሚብሰው፣ እናት" አለች ቀና ሳትል። ተነሥታ ከአንዱ ቁም ሳጥን ወፍራም አቃፊ አወጣች፤ ሣር የተለጠፈበትን ወረቀት አየችና መለሰችው፤ ሌላ አወጣች። ለእማማ ሁሉም ያው ድርቆሽ ነው። በመጨረሻ አንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ጨጎጎቱን ከወረቀቱ ጨጎጎት ጎን አስቀመጠችው። እማማ ጎንበስ ብለው አዩ። ቆልማማው እሾህ፣ ከሥሩ ቀላ ያለው ቀለበት፣ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ጭራ፤ መንትያ ናቸው።

"ይሄ የሚበቅለው ባሕሩን ተሻግሮ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ ብቻ ነው" አለች። ግድግዳው ላይ ወዳለው የዓለም ካርታ ሄዳ ጣቷን አሳረፈች። ነጥቦች አሉበት፤ አንድ አካባቢ ላይ ተሰብስበው እንደ ፈሰሰ ባቄላ። "ሌላ የትም የለም። ውርጭ ከነካው ይሞታል።"

"ሳጥኑ ላይ ግን..." ሲል ጀመረ አናጢው።

"ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የማሽኑ አገር ነው። ድርቆሹ ግን የማሽኑ አገር ሣር አይደለም። ዕቃው መንገድ ላይ፣ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው ሲዛወር ሳጥኑ ተከፍቶ እንደገና ተጠቅጥቆ መሆን አለበት። የጠቀጠቁት በአጠገባቸው ባገኙት ሣር ነው፤ በዚህ ሣር። እፉኝቱም ሣሩ ውስጥ ተኝቶ ነበር።"

"እኮ እዚያ ያለው እፉኝት ሌላ ነው?" አሉ እማማ።

"እሱን እኔ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ።" ስልኳን አነሣች። በከተማው የአራዊት ማቆያ ውስጥ እባቦችን ለሚጠብቅ ሰው ደወለች፤ በአጭር በአጭሩ ተነጋገሩ። "አሁኑኑ ሂዱ፤ በር ላይ ይጠብቃችኋል" አለችና፣ ወዲያው ዓይኗ ወደ እማማ ቀሚስ ጫፍ ወረደ። "እናት! እባክዎ አይራመዱ! ቀሚስዎ ላይ ሞልቷል! እዚህ ተራግፎ ከበቀለ ሜዳውን ሁሉ ይወርሰዋል..."

እማማ ደማቸው ፈላ። "ልጄ እየሞተችብኝ አንቺ ስለ ሣር ትጨነቂያለሽ!" ብለው ጥለዋት ወጡ።

የእባቦቹ ጠባቂ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ነው። በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። በሩጫ ይዟቸው ገባ። የእባቦቹ መስታወት ቤቶች ፊት ሲደርሱ እማማ ባሉበት ቆሙ። ከመስታወቱ ወዲያ አሸዋ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አጭር፣ ወፍራም፣ ድርቆሽ መሳይ።

"ራሱ ነው!" ብለው ጮኹ። "ራሱ! ይሄ ነው!"

"ያ የአገራችን ነው እማማ" አላቸው። "የማዶው ይኸኛው ነው።" ቀጥሎ ያለውን መስታወት አሳያቸው። እማማ ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። ልዩነቱን ቢፈልጉት፣ ቢፈልጉት ጠፋባቸው።

"በመልክ ማንም አይለያቸውም" አለ ጠባቂው፣ ፍሪጁን እየከፈተ። "የአንድ እናት ዘር ናቸው። ባሕር መሃል ገብቶ ለያያቸው፤ ይሄም እዚህ የሚበላው ሌላ፣ ያም እዚያ የሚበላው ሌላ፤ በስንት ሺህ ዓመት መርዛቸው ለየቅል ሆነ። ስለዚህ የአንዱ ማርከሻ ለሌላው ውሃ ነው።" ከፍሪጁ ትንሽ ካርቶን አወጣ። ውስጡ ጥቂት ብልቃጦች አሉ። ይዟቸው ቆመ፤ አልዘረጋላቸውም።

"ምነው?" አለ አናጢው። "ምነው ጋሼ?"

"ይሄ የኔ ነው" አለ ሰውዬው። "ቢነድፈኝ ብዬ ያስመጣሁት። በአገራችን ሌላ የለም።" ከዚያ በጉንጩ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ አልደረሰም። "እንግዲህ ሌላ እስኪመጣልኝ የዚያን እባብ መስታወት አልከፍትም። ይጠማው! ውሃ ካማረው ከአገሩ ያስመጣ። እንኩ፣ በረዶ ሳጥኑን ያዙ፣ ሩጡ!"

እማማ እጁን ይዘው ሳሙት። እሱ ደንግጦ እጁን ነጠቀ።

ሐኪሙ ብልቃጡን አንብቦ ፊቱን አጨማደደ። "የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ነው የቀረው" አለ። "ሰውነቷ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ሌላ ማርከሻ ወስዷል። ከተቆጣ ልቧ ሊቆም ይችላል። ካልሰጠናት ደግሞ..." ወደ እናትየው ዞረ። "የእናንተ ፈቃድ ያስፈልገኛል።"

አናጢው ወደ ሚስቱ ዞረ። እማማ በልባቸው "እኔን ውሰደኝ፣ እኔን ውሰደኝ" ይላሉ። ልጃቸው ብቻ፣ ዓይኗን ከፍንጭት ሳትነቅል፣ "ስጣት" አለች።

ጠብታው መውረድ ጀመረ። የፍንጭት ፊት ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ትንፋሿ ፉጨት ፉጨት አለ። ነርሷ ሌላ መርፌ ይዛ ሮጠች፤ ሐኪሙ ጠብታውን ቀነሰ፣ አቆመ፣ እንደገና ለቀቀ። እማማን ከክፍሉ አስወጧቸው፤ በመስታወቱ በኩል የሐኪሙን ጀርባ ብቻ ነው የሚያዩት። ጀርባ ምን ይነግራል? ቀና ሲል ልባቸው ይቆማል፣ ጎንበስ ሲል ይቆማል።

በመጨረሻ ጠሯቸው። ትንፋሿ ተመልሷል። ሐኪሙ ደም ቀድቶ ብልቃጡን መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመው። "እንግዲህ መጠበቅ ነው" አለ። "ማንም እንዳይነካው።"

አናጢው ብልቃጡን እያየ መዳፉን በጥፍሩ ይቧጭራል። ልጃቸው የፍንጭትን ድድ በጥጥ ትጠርጋለች። እማማ እጃቸው ሥራ ፈለገ። ቁልቁል ሲያዩ ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ጨጎጎቶቹ እንደ ዶቃ ተሰድረዋል፤ ወር ሙሉ "የኔ ይቆየኝ" ያሏቸው። የውሃ መጠጫ ኩባያ አነሡና መልቀም ጀመሩ። አንዱን ነቅለው ኩባያው ውስጥ፣ ሌላውን ነቅለው ኩባያው ውስጥ። ጣታቸው ይደማል፤ የሳቸው ደም ወዲያው ይረጋል። ያ ራሱ አሳፈራቸው።

ለቅመው ወደ ጎን ሲሄዱ ቀሚሱ ላይ ባዶ ቦታ አገኙ። የእሾህ ጉድጓድ አለ፤ ፍሬው የለም። እዚህም ባዶ። እዚያም ባዶ። እማማ እጃቸው ቆመ። የት ወደቁ? የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ? ያቺ ሴት "አይራመዱ" ስትላቸው እየተቆጡ የወጡበት ግቢ? የአራዊት ማቆያው አትክልት ላይ፣ በሩጫ ሲያልፉ? ያ የማዶ ሣር ባሕሩን በመርከብ ተሻገረ፤ ከተማውን ግን ማን አሻገረው? ልጃቸውን ከእሾህ የሚጠብቁት፣ ዶሮ ቤት በበረኪና የሚያጥቡት እማማ ናቸው፣ በቀሚሳቸው ተሸክመው።

"ደረሰ" አለ ሐኪሙ።

ብልቃጡን በሁለት ጣቱ አነሣው። ቀስ አድርጎ አዘነበለው።

ደሙ አልሄደም። ብልቃጡ ተጋደመ፤ ደሙ ከሥሩ እንደተጣበቀ ቀረ።

"ደግመህ አዘንብለው" አሉ እማማ።

አዘነበለው።

"ዝቅ! አፉን ወደ ታች!"

ገለበጠው። አልፈሰሰም። አናጢው ወለሉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በጉልበቱ መሃል ቀበረ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። "መርዙ ሊመለስ ይችላል" አለ። "ገና ብዙ ሰዓት መጠበቅ አለብን። ብልቃጡ ደግሞ አልቋል። ክንዷንም ገና አላውቅም።"

ፍንጭት ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ደርቋል። "እማማ" አለች።

"ወዬ የኔ ዓለም! ወዬ!"

"ዶሮዋን እንዳትመቻት፣ እሺ? አውቃ አይደለም።"

"አልመታትም" አሉ እማማ። "በፍጹም አልመታትም።"

ኩባያውን በመዳፋቸው ከድነው ወጡ። ነርሷ "እናት፣ ቆሻሻ ከሆነ እዚያ ቅርጫት ውስጥ ይጣሉት" አለቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቅርጫቱ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ደረጃው ጫፍ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ሰኩ፤ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና የመጀመሪያውን ደረጃ ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ ጀመሩ። ቀጥለው ሁለተኛውን።

ደረጃ የምታጸዳው ሴት መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመች። "እማማ፣ ምን ጠፋብዎት? ልፈልግልዎት?"

"አልጠፋብኝም ልጄ" አሉ ቀና ሳይሉ። "የጣልኩት ነው። እስቲ መጥረጊያሽን አቁሚልኝ፤ እንዳትጠርጊው። ከጠረግሽው ይሄዳል።"